ሾፌር የሌለበት ሞተር አይነሣ

መኪናን በስልክ ማስነሣት እንደ ትልቅ መሻሻል እየተሸጠ ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዞራል፤ ዕቃው አዲስ አበባ ውስጥ ይገጠማል፤ ወሬው ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ መጥቷል። ሲነገር ያምራል። ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ በሩ የሚከፈት፣ ፑሽ ስታርቱን ተጭነው የሚያስነሡት፣ ፋብሪካው ራሱ ኪይለስ አድርጎ የሠራው መኪና ይመጣል፤ ክሩስኮቱ ሥር አንዲት ትንሽ ሣጥን ትጨመርለታለች። ሣጥኗ ሲም ካርድ ትጎርሳለች። ባለቤቱ ቁርሱን እየበላ ስልኩን ይነካል፤ ግቢ ውስጥ ሞተር ይነሣል። ያስገጠመው ሰው መኪናው እንደ ዘመነለት፣ ከሌባም እንደ ተጠበቀለት ያምናል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ሣጥኗ የምትጨምረው ምቾት ጥቂት ነው፤ የምታፈርሰው ግን ፋብሪካው ብዙ የደከመበትን ጥበቃ ነው። እንደ ደባርቅና ዳባት ባለ ዳገትና ቁልቁለት በሞላው አገር ደግሞ ሰው ልትገድል ትችላለች።

የፋብሪካው ኪይለስ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሰውየው እዚህ አለ ወይስ የለም? የበሩ እጀታ ሲነካ በበሮቹና በመኪናው ሆድ ውስጥ የተቀበሩ ትንንሽ አንቴናዎች ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ ደካማ ሞገድ ይለቃሉ። ቁልፉ ያንን ከሰማ በራሱ ሬዲዮ የምስጢር ቁጥር ይመልሳል። ሾፌሩ ከገባ በኋላም ፍተሻው አያበቃም፤ ቁልፉ ውስጥ መሆኑ እንደገና ይጣራል። ከዚያ መኪናው እግር ይጠይቃል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን፣ ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው አይዞርም። ለመኪናው ሞተር መነሣት ማለት ቁልፍ የያዘ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ነው ማለት ነው።

ይህ ጥበቃ እንከን የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስምንት አምራቾችን 10 ሞዴሎች ፈትሸው ነበር። የቁልፉን ሞገድ በመሣሪያ እየተቀባበሉ፣ ቁልፉ ሩቅ እያለ መኪናውን ቅርብ ነው ብለው አሳመኑት፤ አሥሩም ተከፍተው ተነሡ። ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች ኪይለስ መኪና የሚሰረቅበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተንኮሉ ዓይነት ነው፤ ሌባው የሚያደርገው መኪናውን “ባለ ቁልፉ እዚህ አለ” ብሎ መዋሸት ነው። የስልክ ማስነሻው ሥራም ይኸው ውሸት ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ ከፍሎ ያስገጠመው፣ ቀንም ሌትም መኪናው ውስጥ የሚያድር ውሸት መሆኑ ነው።

ውሸቱ እንዴት እንደሚሠራ ባለ መኪናው ሊያውቅ ይገባል፤ ገጣሚው ሳይጠየቅ አይነግረውምና። መኪናው ቁልፍ ካላየ አይነሣም፤ ስለዚህ ቁልፍ የሚመስል ነገር ውስጡ መኖር አለበት። በጣም የተለመደውና ርካሹ ዘዴ ሁለተኛውን እውነተኛ ቁልፍ ክሩስኮቱ ሥር መደበቅ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ ንቁ ከሆነ መኪናው አልቆለፍም ስለሚል፣ ባትሪው ይወጣና ከስልኩ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ይደረጋል። ገጣሚው ይህን ሲያስረዳ “ባትሪ የለውም፣ ለሌባ አይጠቅምም” ይላል። ይጠቅማል። ኪይለስ ቁልፎች ባትሪያቸው ሲሞት ባለቤቱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ተብሎ ያለ ባትሪ የሚሠራ ቺፕ ተደርጎባቸዋል፤ በብዙ ቶዮታዎች ቁልፉን ፑሽ ስታርቱ ላይ ማስጠጋት ብቻ ይበቃል። መስታወት ሰብሮ ለገባና የት እንደሚደበቅ ለሚያውቅ ሰው መኪናው ከነቁልፉ ቆሞ ይጠብቀዋል። የት እንደሚደበቅ ደግሞ ገጣሚው ያውቃል፤ አብሮት የሚሠራው ልጅ ያውቃል፤ ስፖኪዮ ፈትቶ በደቂቃ ውስጥ የሚሰወር ሌባ ባለበት ከተማ ይህን ዕውቀት ምስጢር ነው ብሎ ማመን አይቻልም።

ሁለተኛው ዘዴ በመኪናው የመረጃ ሽቦ ላይ ተለጥፎ የቁልፉን ድምፅ የሚያስመስል ሞጁል ነው። በጥሩ ባለሙያ፣ ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተሠራ ሲሆን ከመጀመሪያው ይሻላል። ሦስተኛውና የከፋው ግን የመኪናውን ኮምፒውተር ከፍቶ ቁልፉን የሚያጣራውን ኢሞቢላይዘር ጨርሶ መግደል ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ቁልፍ መጠየቁን ይተዋል፤ ማንኛውም ሽቦ ያገናኘ ሰው ያስነሣዋል። ባለቤቱ ልዩነቱን አያየውም፤ ስልኩን ሲነካ መኪናው ይነሣለታል፣ ደስ ይለዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የሚነዳው ስልክ የተጨመረበትና ቁልፍ የተነቀለበት መኪና ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ንብረት ነው። አሁን ወደ ሰው ልመለስ።

ደባርቅ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር በዳባት በኩል የሚመጣው መንገድ ከተማዋን እንዳለፈ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በቀደዱት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ አቅጣጫ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ መንገድ የኖረ ሾፌር መኪና ሲያቆም የእጅ ፍሬኑን ብቻ አያምንም። ማርሽ ያስገባል። ረዳቱ ወርዶ ታኮ ያደርጋል፤ ታኮ ከሌለ ድንጋይ ይፈልጋል። ማርሽ ውስጥ የቆመ መኪና ጎማዎቹን የያዘለት ሞተሩ ራሱ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖው ቢዞር ምን እንደሚሆን የማያውቅ መካኒክ የለም፤ መኪናው ይዘላል። ሞተሩ ከተነሣለት ደግሞ ይሄዳል፤ ፍሬን የሚረግጥ እግርም መሪ የሚይዝ እጅም የለበትም።

ፋብሪካው ለዚህ ነበር ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሣም ያለው። ገጣሚው ያንን ስዊች በአንድ ቁራጭ ሽቦ ያልፈዋል፤ ካላለፈው ስልኩ አይሠራለትማ። ከገጣሚዎች ጠንቃቃ የሆኑት መልስ አላቸው፤ ማንዋል መኪና ላይ ሲገጥሙ ሾፌሩ መኪናውን በፎሌ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ሞተሩ እየሠራ ወርዶ በሩን እንዲዘጋ፣ ሞተሩም ከዚያ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። እንዲህ ሲሆን ሣጥኗ ማርሽ አለመግባቱን አረጋገጠች ይባላል። ይህ መልስ ጉዳዩን ይብስ ያከፋዋል። የመሣሪያው የደኅንነት ሥርዓት ሾፌሩን የሚያዝዘው የተራራ ሾፌር በሕይወቱ እንዳያደርግ የተማረውን ነገር ነው፤ ተዳፋት ላይ መኪናን በፎሌ ትቶ መሄድ። ያረጀ የእጅ ፍሬን ሽቦ፣ የተጫነ መኪና፣ ሌሊቱን የዘነበበት ጭቃ፤ በዚህ ላይ ፎሌ። ለሜዳ ከተማ የተጻፈ መመሪያ ሊማሊሞ ላይ ሲነበብ የአደጋ መመሪያ ይሆናል።

አውቶማቲክ መኪና ፒ ላይ ስለሚቆም ከዚህኛው አደጋ ይድናል። ግን መኪና ሥር ማን እንዳለ ስልክ አያይም። በገበያ ቀን ደባርቅ ላይ የቆመ መኪና ጥላ ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ በግ ይታሰርበታል። ኮፈኑ ተከፍቶ መካኒኩ እጁን ቺንጋው አጠገብ ያስገባበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱ ሻይ ቤት ተቀምጦ “እስቲ ተሠርቶ እንደሆነ ልየው” ብሎ ስልኩን ቢነካስ? ፋብሪካ የሚሠራው የርቀት ማስነሻ ኮፈኑ ክፍት ከሆነ እምቢ ይላል፤ በር ክፍት ከሆነ እምቢ ይላል፤ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ሰው ካልመጣ ይጠፋል። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ማገናኘት ጊዜና ዕውቀት ይጠይቃል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጥሞ ለመልቀቅ የሚቸኩል ሰው በመጀመሪያ የሚዘላቸው እነሱኑ ነው። ዝግ ጋራዥ ውስጥ የተነሣ ሞተር ጭስ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የከሰል ጭስ ቤተሰብ ሲጨርስ በሰማ አገር ማብራራት አያስፈልግም።

ተከራካሪዎቼ ብርዱን ያነሣሉ። “ሞተሩ ይሙቅ እንጂ!” ይላሉ። ብርዱ እውነት ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለችው ጊች ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ላይ ናት፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ነገር ግን የርቀት ማስነሻ የተለመደው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 እና 30 በሚወርድባቸው በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ነው። እዚያ መስታወቱ ላይ በረዶ ይጋገራል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሰው ያለ ጓንት የመኪና በር መንካት አይችልም። በሚኒሶታ ወይም በካልጋሪ የሚኖር ወገናችን ማለዳ ታክሲውን ከመስኮት ሆኖ ቢያስነሣ ምክንያት አለው፤ መኪናውም ብዙ ጊዜ አውቶማቲክ ነው፣ የቆመውም ሜዳ ላይ ነው። ያንን ልማድ ለእረፍት ሲመጣ በወሬ ይዞት ይመጣል፤ ዘመድም ይቀበለዋል። ለደባርቅ ግን አይሆንም። የዛሬ ቤንዚን ሞተር በእኛ ብርድ ከተነሣ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀስ ብለው ቢነዱት ቆሞ ከሚሞቀው ፈጥኖ ይሞቃል። አሮጌው ናፍጣ ሞተርም የሚፈልገው ካንዴላው እስኪግል የሚታገሥ ሾፌር ነው፤ ስልክ አይደለም።

ቆሞ መሞቅ ነዳጅ ይበላል። ትንሽ የቤት መኪና እንኳ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ያቃጥላል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከ100 ብር አልፏል፤ ያም በማደያ ሲገኝ ነው። በእኛ በኩል ሾፌሩ ሰልፍ አድሮ ባዶውን የሚመለስበት፣ ቤንዚን መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚገዛበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚያ ዋጋ የተገዛ ነዳጅ ባለቤቱ ጫማውን እስኪያስር ግቢ ውስጥ ይቃጠል ማለት ለእኔ ብክነት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን በዚህ ክልል የምንኖር ሰዎች የመኪናችንን ቁልፍ ለኔትወርክ ለመስጠት መፈለጋችን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ከተማ በከተማ መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ ማንኛውም ነገር ለእኛ የሞተ ዕቃ ነበር። ዳታው ባለበት ጊዜም ከደባርቅ ወጥቶ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር የሚሄድ ሰው ስልኩ ላይ ያለው ምልክት እየሳሳ፣ እየጠፋ፣ እየተመለሰ እንደሚሄድ ያውቃል።

የፓርኩን አስጎብኚ መኪኖች አስቡ። ጎብኚዎቹ ከሳንቃበር ወደ ጊች በእግር ይወጣሉ፤ ዕቃቸው በበቅሎ ይጫናል፤ ሾፌሩ መኪናውን ይዞ በመንገዱ ዞሮ ጨነቅ ላይ ይጠብቃቸዋል። ጨነቅም ከ3600 ሜትር በላይ ነው። መኪናው አንድና ሁለት ቀን ሳይነሣ በብርድ ይቆማል። ሣጥኗ ግን አትተኛም። ሲም ካርዱ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ባጣ ቁጥር ኃይሉን ጨምሮ ደጋግሞ ይጮሃል፤ ስልካችን ኔትወርክ በሌለበት ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ኔትወርክ ባለበት ከተማ ከመኪናው ባትሪ ጥቂት የምትጠጣው ሣጥን ተራራው ላይ ብዙ ትጠጣለች፤ ብርዱ ደግሞ የባትሪውን ጉልበት ቀድሞ ቀንሶታል። ባትሪው ያረጀ ከሆነ በሦስተኛው ማለዳ ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። የድሮው ላንድክሩዘር ቢሆን አራት ሰው ገፍቶ ያስነሣው ነበር። አውቶማቲክ ፑሽ ስታርት መኪና ተገፍቶ አይነሣም። ከሩቅ ለመነሣት ተብሎ የተገጠመው ዕቃ መኪናውን ከቅርብም እንዳይነሣ አደረገው።

አሁን ስለ ሌባ መከላከያነቱ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚከፍለው ለዚያ ነውና። ሣጥኗ መኪናው የት እንዳለ ታሳያለች፣ ሞተሩንም ከሩቅ ታጠፋለች ይባላል። መኪናው ያለበትን ማሳየቷ ጥቅም አለው፤ መኪናውን አከራይቶ ወይም ለሾፌር ሰጥቶ የሚያድር ሰው ጂፒኤስ ቢያስገጥም አልቃወመውም። ነገር ግን የሚያይ ዕቃና የሚያዝ ዕቃ አንድ አይደሉም። ሞተር እንዲያስነሣና እንዲያጠፋ የተፈቀደለት ሣጥን ትእዛዝ የሚቀበለው ከባለቤቱ ስልክ በቀጥታ አይደለም። ትእዛዙ መጀመሪያ በማናውቀው አገር ወዳለ የማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ይሄዳል፤ ወደ መኪናው የሚመለሰው ከዚያ ነው። የኮምፒውተሩ በር ክፍት ከሆነ መኪናውም ክፍት ነው።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ቢትሳይት የተባለ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ማይኮደስ ኤምቪ720 ስለተባለ በቻይና ሸንዠን ስለሚመረት ጂፒኤስ ያገኘውን ይፋ አደረገ፤ የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ተቋምም አብሮ አስጠነቀቀ። ዕቃው 20 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ የነዳጅ ፍሰት የመቁረጥ ሥልጣን አለው። የሁሉም የመነሻ የይለፍ ቃል 123456 ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ባለቤቱ ሊቀይረው የማይችል አንድ ዋና የይለፍ ቃል ተገኝቷል። ያንን የያዘ ሰው የማያውቀውን ሰው መኪና መከተልም ሞተሩን ማቆምም ይችላል። የኩባንያው ዕቃዎች በ169 አገሮች ውስጥ በ1.5 ሚሊዮን መኪኖች ላይ ተገጥመው ነበር። ውድ ዕቃ ይሻላል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ቫይፐርና ፓንዶራ የተባሉትን ታዋቂ አላርሞች መተግበሪያ ፈትሸው የማንኛውንም ደንበኛ መለያ መውሰድ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ የተጋለጡት መኪኖች ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹም አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የኪያ መኪኖችን በታርጋ ቁጥራቸው ብቻ ከሩቅ መክፈትና ማስነሣት እንደሚቻል አግኝተው ኩባንያው አስተካክሏል። ኪያ የሚያስተካክል መሐንዲስ ስላለው ነው ያስተካከለው። ስሙ ሣጥኑ ላይ እንኳ በትክክል ያልተጻፈ ዕቃ ማን ያስተካክለዋል?

ሞተርን ከሩቅ ማጥፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነም ሊማሊሞ ላይ ሆኖ ማሰብ ይገባል። ሞተሩ ሲቆም መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ አጋዡ ስለሚያልቅበት እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህ በሜዳ መንገድ መኪናን ቀስ ብሎ ያቆማል። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ፣ አንድ ወገኑ ገደል በሆነበት፣ ከፊትም አይሱዙ እየወጣ ሳለ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሌባ ይሁን ሾፌር ይሁን ተሳፋሪ ስልኩ አይለይም። የተናደደ ባለቤት፣ ስልኩን የሚነካካ ልጅ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የቀድሞ ሾፌር፤ ማናቸውም ያንን ሊያደርጉ ይችላሉ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል፤ እነሱም መተግበሪያ አላቸው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በሦስተኛ ወገን የመጡት ግን መተግበሪያቸው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለባለቤቱ ሌላ ሰው ከፍቶ ያስተላልፍለታል፣ ወይም ከመንገድ ያገኘውን ሌላ መተግበሪያ ይጭናል። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፤ የመኪናዬ ቁልፍ በማን ስም ነው ያለው?

የስርቆት ፍርሃቱን አላቃልልም። መኪና ለብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው። ለዚያ ጥሪት የሚሆን ጥበቃ ግን አለ፤ ቁልፉን እንዳለ ትቶ፣ የሞተሪኖውን ሽቦ በድብቅ ስዊች ማቋረጥ። ድሮ ሾፌሮች ያደርጉት የነበረ ነው፤ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ባትሪ አይጠጣም፣ የሚሠራው መኪናው ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ መንገድ ላይ ሞተር አያጠፋም። ጂፒኤስ ከተፈለገም ለብቻው፣ ሞተር የመንካት ሥልጣን ሳይሰጠው ይገጠም።

ገጣሚዎች ማንዋል መኪና ላይ የስልክ ማስነሻ አንገጥምም ሊሉ ይገባል፤ ገንዘብ ቢሰጣቸውም። ለአውቶማቲክም ቢሆን የኮፈን፣ የበርና የፍሬን ሽቦ ያልተገናኘበት ሥራ ከጋራዥ መውጣት የለበትም። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጎማና መብራት እንደሚያይ ሁሉ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ስዊች መታለፍ አለመታለፉንም ሊያይ ይችላል፤ ፔዳሉን ሳይረግጡ ፑሽ ስታርቱን መጫን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ከተነሣ ስዊቹ ታልፏል ማለት ነው።

ቀድሞ ያስገጠመ ሰው መኪናውን ወደ ሠራው ባለሙያ መልሶ ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ ይጠይቅ፣ አስወጥቶም ወደ ቤቱ ይውሰደው። ኢሞቢላይዘሩ ተገድሎ ከሆነ ይመለስለት። የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ ከዚህ በፊት መኪናውን የነዱትን ሰዎች ስልክ ከመተግበሪያው ያስወጣ። መኪናው ማንዋል ከሆነ ደግሞ ነገ ሳይባል ከሣጥኗ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ዛሬውኑ ይቆረጥ።